ከሞካ ቡና ትጭን የነበረችው የአሜሪካ ወደብ ሳሌም ለምን ወደቀች?

የከዚራው ልጅ (ድሬዳዋ)

የተከበራችሁ ወገኖች፣ አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ያደግሁት በድሬዳዋ ከዚራ፣ ከባቡር ጣቢያው በማይርቅ ሰፈር ሲሆን አባቴም ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር ያሳለፉ ሰው ነበሩ። ከተማን የሚያቆመውም የሚጥለውም መንገድ ነው ብለው በጽኑ ያምኑ ነበር፤ ለዚህም ሁልጊዜ የሚጠቅሱት በ1902 ባቡሩ ከታች ሜዳው ላይ ደርሶ ሲቆም ከላይ ተራራው ላይ የቀረችውን ሐረርን ነበር። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እናንተም እንዲሁ ብታደርጉልኝ አንደናገርም።)

ሰሞኑን ስለ ቀይ ባሕር የቡና ንግድ ሳነብ ሳሌም የምትባል አንዲት የአሜሪካ የወደብ ከተማ ደጋግማ አጋጠመችኝ። በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ከቦስተን በስተ ሰሜን ምሥራቅ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ናት፤ ስሟም መልከ ጼዴቅ ከነገሠባት ከኦሪቷ ሳሌም የተወሰደ ነው። በ1790 በተደረገው የአገሪቱ የመጀመሪያ የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዎቿ 7,921 ብቻ ነበሩ፤ ሆኖም በሕዝብ ብዛት ከአሜሪካ ከተሞች ስድስተኛዋ እርሷ ነበረች። መርከቦቿም አፍሪካን በደቡብ ጫፍ ዞረው እስከ የመን፣ እስከ ሕንድና እስከ ቻይና ይደርሱ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ግን የባሕር ንግድ ሲነሣ ስሟን የሚጠራ የለም ማለት ይቻላል።

አንዳንድ ቦታ ላይ ያነበብሁት ፕሬዚዳንት ጄፈርሰን በ1807 ያስወጡት የባሕር ንግድ ክልከላ ገደላት የሚል ነው። ይህ እውነት ነው? እንደዚያ ከሆነስ ከክልከላው በኋላ ለሃምሳ ዓመት ያህል ስሟ በእኛ ባሕር ዳርቻ እንዴት ሊገኝ ቻለ? የመን ካለው ከሞካ ወደብ ትጭነው የነበረው ቡና ውስጥስ የሐረር ቡና ይኖርበት ነበርን? የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ጡረተኛው መምህር (ሐረር)

ወንድሜ፣ ለብዙ ዓመት ታሪክ ሳስተምር ተማሪዎቼን ከማስቸግርባቸው ነገሮች አንዱ «አንድ ከተማ በአንድ ቀን አትሞትም» የሚል ነበርና ጥያቄዎ ደስ አሰኝቶኛል። የ1807ቱ ክልከላ ሳሌምን ክፉኛ አቁስሏታል፤ ገደላት የሚለውን ግን አልቀበልም።

በመጀመሪያ ሀብቷ ከየት እንደ መጣ ማየት ያስፈልጋል። አሜሪካ ነጻ ስትወጣ ነጋዴዎቿ ቀድሞ በእንግሊዝ ግዛትነታቸው ከሚሸጡባቸው ገበያዎች ብዙዎቹ ተዘጉባቸው፤ ስለዚህ አዲስ ገበያ ፍለጋ ሩቅ መሄድ ግድ ሆነባቸው። በሳሌም ኤሊያስ ሃስኬት ደርቢ የሚባል ባለመርከብ «ግራንድ ተርክ» የተባለች መርከቡን በ1786 እስከ ቻይናዋ ካንቶን ድረስ ላከ። ይህ ሰው በ1799 ሲሞት ከአገሩ ቱጃሮች በላይኛው ረድፍ ከሚቆጠሩት አንዱ ነበር። የእነዚህ ነጋዴዎች ልዩ ጠባይ ወጣቶችን ማመናቸው ነው፤ ናትናኤል ሲልስቢ የደርቢን መርከብ በካፒቴንነት ይዞ ሲወጣ ገና 19 ዓመቱ ነበር። ካፒቴኑም መርከበኞቹም በመርከቡ ጥግ የራሳቸውን ጥቂት ሸቀጥ ጭነው እንዲነግዱ ይፈቀድላቸው ስለ ነበር፣ ዛሬ ገመድ የሚስበው ልጅ ከዓመታት በኋላ የመርከብ ባለድርሻ ሆኖ ይገኛል። በ1799 ያቋቋሙት የባሕር ማኅበርም በአባልነት የሚቀበለው በአፍሪካ ወይም በደቡብ አሜሪካ ደቡባዊ ጫፍ በኩል አልፎ በካፒቴንነት ወይም በጭነት ኃላፊነት የተጓዘውን ሰው ብቻ ነበር።

ወደ ሞካ ስንመጣ፣ ካፒቴን ጆሴፍ ሮፕስ «ሪከቨሪ» የተባለችውን መርከብ ይዞ በ1798 ከሳሌም ተነሥቶ በዚያው ዓመት ሞካ ደረሰ። ከእርሱ በኋላ የሳሌም መርከቦች በየዓመቱ ይመላለሱ ጀመር። ሞካ ላይ አሜሪካ የምታመርተውን ነገር የሚፈልግ ብዙ ሰው ስላልነበረ በአብዛኛው ይዘውት የሚሄዱት ጥሬ ብር፣ የስፔን ዶላር ነበር፤ አያቶቻችን በጠገራ ብር እንደሚገበያዩት ማለት ነው። ብር የጫነ መርከብ ደግሞ ሽፍታ ይጠራል። በ1806 ካፒቴን ጆሴፍ ኦርን «ኤሴክስ» በተባለች መርከብ ለቡና መግዣ 60,000 ዶላር ይዞ ቀይ ባሕር ገብቶ ነበር፤ የባሕር ወንበዴዎች ካፒቴኑንም መርከበኞቹንም ገድለው ብሩን ወሰዱ። የተረፈው አንድ ሕፃን ልጅ ብቻ ሲሆን እርሱም በዐረብ አገር ሰልሞ አደገ ይባላል። ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር የሚከነክነኝ የልጁ ነገር ነው፤ የካፒቴኑ ቤተሰብ በሳሌም የወደብ ዳር መርከቧን ሲጠባበቅ፣ ልጁ በሌላ ዳርቻ የእናቱን ቋንቋ እየረሳ ነበር።

ስለ ሐረር ቡና የጠየቁት ተገቢ ጥያቄ ነው። ቡናችን በግመል ወደ ዘይላና ወደ በርበራ ይወርዳል፤ ከዚያ በጀልባ ባሕረ ሰላጤውን ተሻግሮ ወደ ሞካ፣ እንግሊዞች ኤደንን በ1839 ከያዙ በኋላ ደግሞ በይበልጥ ወደ ኤደን ይገባል። ከተሻገረ በኋላ የሚሸጠው በሞካ ስም ነበር። ፍሬው ረዘም ያለ በመሆኑ የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ራሳቸው «ረጅም ፍሬ» እያሉ ለይተው ያውቁት ነበር። ስለዚህ በሞካ ስም ከተጠጣው ቡና ከፊሉ የእነዚህ የእኛ ተራሮች ፍሬ ነው። እኛም እስከ ዛሬ ፍሬውን ለገበያ ልከን ቅጠሉን ቁጢ አድርገን እንጠጣለን።

አሁን ወደ ክልከላው። እንግሊዝና ፈረንሣይ እርስ በርስ ሲዋጉ የአሜሪካን መርከቦች እየያዙ ስላስቸገሩ፣ በ1807 መጨረሻ አንድም የአሜሪካ መርከብ ወደ ውጭ አገር ወደብ እንዳይሄድ ተከለከለ። ሕጉ በ1809 መጀመሪያ እስኪነሣ ድረስ የሳሌም መርከቦች ሸራቸውን አጥፈው ከረሙ። ትንፋሻቸውን ሳይሰበስቡም በ1812 ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ተነሣ። ከባለመርከቦቹ አንዳንዱ በመንግሥት ፈቃድ የጠላትን የንግድ መርከብ እየማረከ አተረፈ፤ ሌላው ግን ከሰረ። ጦርነቱ ሲያበቃ ታላላቁን የቻይናና የአውሮፓ ንግድ ቦስተንና ኒው ዮርክ ወስደውት ነበር።

ሳሌም ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ትልልቆቹ ወደቦች ወደናቋቸው ትናንሽ ገበያዎች ሄደች፦ ወደ ሱማትራ ለቁንዶ በርበሬ፣ ወደ ሞካ ለቡና፣ ወደ ማዳጋስካር ለቆዳ፣ ወደ ዛንዚባር ለዝሆን ጥርስ፣ ለቅርንፉድና ለቫርኒሽ መሥሪያ ለሚሆን ሙጫ። በእነዚህ ቦታዎች አንድ መርከብ ለመሙላት ከትናንሽ ነጋዴዎች ጥቂት በጥቂት እየሰበሰቡ ወራት መቀመጥ ያስፈልጋል። የባሕሩን ጥልቀትና የደላላውን ጠባይ ያወቀ ሰው ደግሞ ምስጢሩን ለማንም አይናገርም፤ ካፒቴን ጆናታን ካርንስ የሱማትራን ቁንዶ በርበሬ በ1797 ጭኖ ሲመለስ ሰባት እጥፍ ያህል አተረፈ ሲባል፣ ከየት እንዳመጣው ለማወቅ የከተማው ነጋዴ ሁሉ ሲከታተለው ነበር። በዚህ ዓይነት ንግድ ሳሌም ከክልከላው በኋላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ኖረችበት። የገደላት ሌላ ነገር ነው፤ እርሱን ሌሎች ከጻፉ በኋላ እመለስበታለሁ።

እንግዳ አንባቢ

እኔ ሳሌምን የማውቃት በ1692 በጥንቆላ ተከሰው በስቅላት በተቀጡት ሰዎች ታሪክ ብቻ ነበር። ያቺው ከተማ ናት?

ጡረተኛው መምህር (ሐረር)

አዎን፣ ያቺው ናት። ዛሬ ጎብኚ የሚጎርፍላትም በይበልጥ በዚያ ምክንያት ነው። የቡናውና የቁንዶ በርበሬው ታሪክ ከመቶ ዓመት በኋላ የመጣ ነው።

የመኪና ግርግር ሰፊ (ሐረር)

መምህር ሁሉንም በሚገባ አስረድተውናል፤ ስለ ጨርቁ ግን ያልተነሣ ነገር ስላለ እኔ ልጨምር። በጁገል ውስጥ፣ ስሙን ከስፌት መኪናዎች ድምፅ ባገኘው መንገድ ላይ ለሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ፤ ታሪክ የማነበውም ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት ነው።

ሳሌሞች በዛንዚባር ጥሬ ብር ከመስጠት የተሻለ ነገር አገኙ፤ እርሱም ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ ነው። ማሳቹሴትስ በዚያን ዘመን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች አገር ሆና ነበርና ይህን ጨርቅ በርካሽ ገዝተው በመርከብ ያወርዱታል። ኤድመንድ ሮበርትስ የተባለ መልእክተኛ በ1833 ከሱልጣን ሰይድ ሰዒድ ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ፤ በውሉ መሠረት አሜሪካውያን በሚያስገቡት ዕቃ ላይ ከመቶ አምስት ቀረጥ ብቻ ይከፍሉ ነበር። በ1837 በዛንዚባር ሥራውን የጀመረው የመጀመሪያው የአሜሪካ ቆንስል ሪቻርድ ዋተርስም የሳሌም ሰው ነበር፤ ቆንስልም ነጋዴም ሆኖ ይሠራ ስለ ነበር አገልግሎቱ በይበልጥ ለማን እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም። ጨርቁ እስከ ዛሬ በስዋሂሊ መሪካኒ ይባላል፤ የአሜሪካ ማለት ነው። ወደ መሐል አገር የሚገቡት የሲራራ ነጋዴዎች ለአለቆች ግብር የሚከፍሉት፣ ስንቅም የሚገዙት በዚሁ ጨርቅ ክንድ ነበር፤ በእኛ አገር አሞሌ ጨው ይሠራው የነበረውን ሥራ እዚያ መሪካኒ ይሠራ ነበር።

ለምን ይህ ጨርቅ ከሌላው በለጠ? መልሱን በእጄ ስለማውቀው ነው መጻፍ የፈለግሁት። አንድ አዲስ አቡጀዲ ሲመጣልኝ ሳልቆርጠው በፊት ጫፉን በውኃ አርሼ በሁለት አውራ ጣቶቼ መሐል አሸዋለሁ። ነጭ ዝቃጭ ጣቴ ላይ ከቀረና ጨርቁ እንደ መረብ ከሳሳ፣ ክብደቱ የጥጥ ሳይሆን የስታርች ነበር ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ለገበር ካልሆነ አይረባም። ጉልበት ያለው ጨርቅ ግን ከታሸም በኋላ ያው ነው፤ ቀለሙ በእጥበት ብዛት እየነጣ ይሄዳል እንጂ አይሳሳም። በዚያ ዘመን ከእንግሊዝ ይመጣ የነበረው ርካሽ ጨርቅ በስታርችና በነጭ አፈር የተጫነ በመሆኑ ስሙ ጠፍቶ ነበር፤ የአሜሪካው ግን ወፍራምና ባለ ብዙ ጥጥ ስለ ነበር የዛንዚባርም የኤደንም ገዢ በዓይኑ ሳይሆን በጣቱ ለይቶት ይገዛ ነበር። ስሙ ከሳሌም ካፒቴኖች በላይ ኖረ፤ ሮበርት ስኪነር የተባለው የአሜሪካ መልእክተኛ በ1903 ከጅቡቲ በባቡር ድሬዳዋ ደርሶ፣ ከዚያ በሲራራ ወደ ዐፄ ምኒልክ ሲጓዝ የአገሩ ጥጥ ጨርቅ በገበያችን ቀድሞት ተገኝቷል።

የቀፊራዋ አንባቢ (ድሬዳዋ)

ጋሼ፣ የጣት ምርመራውን እኔም ቀፊራ ገበያ ላይ ልሞክረው ነው። ነገር ግን ስለዚያ ጨርቅ ስንጽፍ ጥጡን የለቀመው ማን እንደ ነበር መዝለል የለብንም። ጥጡ የመጣው ከአሜሪካ ደቡብ፣ በባርነት ከተያዙ አፍሪካውያን እጅ ነው። ማሳቹሴትስ ውስጥ ተፈትሎና ተሸምኖ በሳሌም መርከብ ወደ አፍሪካ ተመለሰ፤ በዛንዚባርም የሚለወጥበት ቅርንፉድ ባሮች ከሚሠሩባቸው እርሻዎች የተለቀመ ነበር። እላይ የተጠቀሰው ቆንስል ዋተርስ ራሱ በአገሩ ባርነትን ከሚቃወሙት ወገን ነበር፤ ይህ ግን በዛንዚባር ከመነገድ አላገደውም። ሰውየውን ግብዝ ብዬ ለመጥራት እቸኩል ነበር፤ ሆኖም የዕለት ማስታወሻ ይጽፍ የነበረ፣ በባሪያ ገበያው የሚያየው ነገር ያስጨነቀው ሰው መሆኑን ሳውቅ ፍርዴን ትንሽ አለሰለስሁ። ትንሽ ብቻ።

የሳሌምን ሌላ ልጅም ማንሣት እወዳለሁ። ቻርልስ ሌኖክስ ሬመንድ በ1810 በሳሌም ከነጻ ጥቁር ቤተሰብ ተወለደ፤ በ1840 ለንደን ላይ በተደረገው የፀረ ባርነት ጉባኤ ሴቶች ከአዳራሹ ተለይተው እንዲቀመጡ ሲደረግ እርሱም ከጉባኤተኞቹ ጋር ለመቀመጥ እምቢ አለ። ለጠያቂው ደግሞ የሚስማማ ነገር አለ፤ ሳሌምን ከቦስተን ጋር ያገናኘው ባቡር ጥቁር ተሳፋሪዎችን ለብቻቸው በተለየ ፉርጎ ያስቀምጥ ነበርና ሬመንድ በ1842 በማሳቹሴትስ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ይህንን ተቃውሞ ተናግሯል። በ1844 የከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችም ጥቁርና ነጭ ልጆችን መለየታቸውን አቆሙ።

የከዚራው ልጅ (ድሬዳዋ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የባቡሩ ነገር ሲነሣ ጆሮዬ ቆመ። መምህር፣ «የገደላት ሌላ ነገር ነው» ብለው አቁመዋል። ባቡሩ ነው ልበል? አባቴ በሕይወት ቢኖሩ ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸው ነበር።

ጡረተኛው መምህር (ሐረር)

ባቡሩ አለበት፤ ነገር ግን አባትዎ ይሉት ከነበረው በተገላቢጦሽ ነው። ሐረርን የጎዳት ባቡሩ ስላልደረሰባት ነው፤ አቀበቱ ከብዶ ሐዲዱ ከታች ቀረ፣ ንግዱም ወደ እናንተ ወረደ። ሳሌምን የጎዳት ደግሞ ባቡሩ በ1838 ስለ ደረሰባት ነው። የሳሌም ወደብ ከጥንት ጀምሮ ጥልቀት አልነበረውም፤ ወደ ባሕሩ 600 ሜትር ያህል ገብቶ የተሠራው የደርቢ የመርከብ ማራገፊያ መድረክ እንኳ ባሕሩ በሚሸሽበት ሰዓት ዙሪያው ጭቃ ነበር። መርከቦች አነስተኛ በነበሩበት ዘመን ይህ ብዙም አላስቸገረም። ከ1830ዎቹ በኋላ ግን ግዙፍ መርከቦች ሲሠሩ ወደ ሳሌም መግባት አስቸጋሪ ሆነባቸው፤ ቦስተን ደግሞ ጥልቅ ወደብ ነበራት፣ ከዚያም ወደ መሐል አገር በየአቅጣጫው ሐዲድ ተዘርግቶላት ነበር።

ቀድሞ አንድ የሳሌም ነጋዴ መርከቡን በዓይኑ ማየት ስለሚፈልግ ጭነቱ ሳሌም ላይ ይራገፍ ነበር። ባቡሩ ሲመጣ ግን ጠዋት ቦስተን ወርዶ ቡናውን አስመዝኖ፣ ሸጦ፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ራቱን መብላት ቻለ። ስለዚህ ነጋዴው ሳሌም እንደ ተቀመጠ ወደቡ ብቻ ከሥሩ ተነሥቶ ሄደ። ይህ ቀስ በቀስ የሆነ በመሆኑ የከተማው ሰው ለብዙ ጊዜ ያስተዋለው አይመስለኝም፤ ባለጸጎቹ በጎዳናው ይታያሉ፣ ትልልቆቹ የጡብ ቤቶችም መብራታቸው በርቷል። በ1850 ሳሌም 20,264 ነዋሪዎች ሲኖሯት ቦስተን 136,881 ደርሳ ነበር።

ገንዘባቸውስ? ከፊሉ ወደ ጨርቅ ገባ። በ1839 የተመሠረተውና በ1847 ሥራ የጀመረው የናምኪግ የእንፋሎት ጥጥ ኩባንያ ስሙን የወሰደው የቀድሞዎቹ ባለአገሮች ቦታውን ይጠሩበት ከነበረው ስም ነው። ብዙዎቹ የማሳቹሴትስ ፋብሪካዎች በፏፏቴ ኃይል ሲሠሩ፣ ሳሌም የሚወርድ ወንዝ ስላልነበራት በእንፋሎት፣ ይህም ማለት በድንጋይ ከሰል ነበር የምትሠራው። ስለዚህ ቁንዶ በርበሬና ቡና ይራገፍበት በነበረው ወደብ ከሰል ይራገፍበት ጀመር። የድሬዳዋ ሰው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለአንድ ከተማ ምን ማለት እንደ ሆነ ከእኔ በላይ ያውቃል፤ ለብዙ ሺህ ሰው እንጀራ ሆነ፣ ባሕሩን ግን አልመለሰም።

የመጨረሻው ምት ከ1861 እስከ 1865 የተደረገው የእርስ በርስ ጦርነት ነው። የደቡቡ ጥጥ ተቋረጠ፣ የጨርቅ ዋጋ ሰማይ ወጣ፤ የዛንዚባርና የኤደን ገዢዎችም ያልወደዱትን የእንግሊዝ ጨርቅና ከቦምቤይ የሚመጣውን ለመዱ። ጆን በርትራምን የመሰሉ የሳሌም ነጋዴዎች ከጦርነቱ በኋላም በዛንዚባርና በኤደን ወኪሎቻቸውን አላስነሡም፤ የሚያስመጡት ቆዳና የዝሆን ጥርስ የሚራገፈው ግን ቦስተንና ኒው ዮርክ ነበር። ከዛንዚባር በቀጥታ ሳሌም የገባችው የመጨረሻዋ መርከብ «ግላይድ» ናት፤ ዓመቱም 1870 ነበር። የሚገርመው፣ በደርቢ መድረክ ጫፍ ላይ መርከቦችን የምትመራው ትንሿ የመብራት ቤት የተሠራችው ከዚያ አንድ ዓመት ዘግይታ፣ በ1871 ነው።

የመኪና ግርግር ሰፊ (ሐረር)

እንግዲህ መብራቷ የምትመራው የከሰል ጀልባዎችን ነበር ማለት ነው። መምህር፣ ከሰሉ የሚነዳው ፋብሪካ የሚያወጣው አንሶላ በኋላ በአሜሪካ ስሙ የገነነ እንደ ሆነ አንብቤያለሁ፤ ያን አንሶላ አግኝቼ ጫፉን ባርሰው ደስ ይለኝ ነበር።